በዓይን ስለማይታይ ደዌ

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈርደው ዓይኑ ባየው ነው። አንድ እግሩን ያጣውን ሰው በምርኩዝ ሲሄድ ያየ መንገድ ይለቅለታል፤ ዓይነ ሥውሩን ያየ እጁን ይዞ ያሻግረዋል፤ ተቀምጦ የነበረም ተነሥቶ ስፍራውን ይሰጠዋል። ይህ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይዞት የኖረው ደግነት ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ደዌው በልቡ፥ በሳንባው፥ በጆሮው ወይም በአንጎሉ ውስጥ ያለበት፥ መልኩ ግን እንደ ጤነኛ የሆነ ሰው ከዚህ ደግነት ድርሻውን ሳያገኝ ይቀራል። መቅረት ብቻም አይደለም፤ ስፍራ ልቀቁልኝ ያለ እንደ ሆነ አስመሳይ ይባላል፤ ከሥራ ያረፈ እንደ ሆነ ሐኬተኛ ይባላል፤ ዝም ያለም እንደ ሆነ ኵሩ ይባላል።

ይህ ስሕተት የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በታላላቆቹ የውጭ አገር ከተሞች አውቶሞቢል የሚቆምበት ስፍራ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፥ መንግሥታቱ በሐኪም ቤት፥ በገበያና በጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለድኩማን የተለየ ስፍራ ከልለው ያስቀምጣሉ፤ በዚያም ስፍራ ለማቆም የሚችለው የፈቃድ ወረቀቱን ከመስተዋቱ በስተኋላ ያኖረ ብቻ ነው። እንግሊዞች ይህን ሥርዐት የጀመሩት በ1962 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ መነሻነት ነው። ፈቃዱ ግን ለብዙ ዓመት ይሰጥ የነበረው በተለይ መራመድ ለተሳናቸው ሰዎች ነበር። እግራቸው እየቻለ በአእምሮ ወይም በሌላ ስውር ደዌ ምክንያት ከመኪና ወርደው ረጅም መንገድ መሄድ ሥቃይ ለሚሆንባቸው ሰዎች በግልጽ የተፈቀደው በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከተሻሻለ በኋላም የሕዝቡ ዓይን ወዲያው አልተሻሻለም፤ ፈቃዱን ይዞ ቀጥ ብሎ በእግሩ የወረደውን ሰው መንገደኛው በቍጣ ያየዋል፥ አንዳንዱም ይሰድበዋል። ሐኪሙንና ሹሙን ያሳመነው ደዌ መንገደኛውን ለማሳመን አልቻለም።

ለዚህ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ምልክቱ ራሱ ነው። በዓለም ሁሉ የታወቀው፥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያሳየው ሥዕል፥ ሱዛን ኮፉድ የምትባል የዴንማርክ ተማሪ በ1960 ዓ.ም. የነደፈችው ነው። ሥዕሉ በመጀመሪያ ሲነደፍ ወንበር ብቻ ነበር እንጂ የሰው ራስ አልነበረውም፤ ራስ የተጨመረለት ከዚያ በኋላ ነው። ደዌያቸው በራሳቸው ውስጥ ላለባቸው ሰዎች ይህ ታሪክ ምሳሌ ይመስላል። ሥዕሉ ብዙ መልካም ነገር እንዳደረገ አይካድም፤ ነገር ግን ሕዝቡን ድካም ማለት ወንበር ነው ብሎ አስለምዶታል። ይህንም ለማረም በ2008 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ ባለው በጋትዊክ የአየር ጣቢያ ስውር ደዌ ያለባቸው መንገደኞች የሱፍ አበባ የተሣለበት አረንጓዴ ጥብጣብ በአንገታቸው እንዲያደርጉ ተጀመረ፤ ልማዱም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ቢጫ አበባ በአንገት ቢንጠለጠል ሕዝቡ የዘመን መለወጫ ጌጥ ነው ሳይል አይቀርም።

በደባርቅና በዳባት፥ ከዚያም ወዲያ በሰሜን ተራሮች ለሚኖረው ሕዝብ የአውቶሞቢል ማቆሚያ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን በስሙ እንጂ በግብሩ አልራቀም። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በአምባራስ በኩል ጨነቅንና የብዋሂትን መተላለፊያ አልፎ ወደ ጃናሞራ በሚወርደው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሰው ይጭናል፤ ብዙውም ሰው ከእህሉ ጆንያ በላይ ተቀምጦ ይጓዛል። ከሹፌሩ አጠገብ በጋቢና ውስጥ ያለው ስፍራ ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ነው። ያ ስፍራ ለማን ይገባል? ልማዱ የታወቀ ነው፤ ለካህን፥ ለሽማግሌ፥ ሕፃን ለታቀፈች እናት፥ እግሩ ለተሰበረ ሰው። ልማዱም መልካም ነው። ልቡ የደከመ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ግን በዚህ ልማድ ውስጥ ስፍራ የለውም።

አምባራስ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው፤ አየሩ ስስ ነው፥ ብርዱም ጽኑ ነው። በልጅነቱ የጕሮሮ ሕመም ይዞት ሳይታከም የቀረና ሕመሙ ወደ መገጣጠሚያው፥ ከዚያም ወደ ልቡ በሮች ያለፈበት ወጣት፥ ሐኪሞች ይህን የሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል፥ ተቀምጦ ሲያዩት ምንም የጐደለበት አይመስልም። ዳገት ሲጀምር ግን ትንፋሹ ይቈረጣል፤ ሌሊትም ተኝቶ ማደር ያቅተዋል። ይህ ወጣት ጋቢናውን የለመነ እንደ ሆነ ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አይቶ ይሥቅበታል፤ ተሳፋሪውም ጎረምሳ ሆነህ ከሽማግሌ ጋር ትሻማለህን ይለዋል። ስለ አፈረም ከጭነቱ በላይ ይወጣል። በደቦ ቀን እርፍ መጨበጥ ሲሳነው ስሙ በሰነፍነት ይወጣል፤ ከደቦ የቀረን ሰው ደግሞ በተራው ማሳውን የሚያርስለት የለም። እንግዲህ የአንድ ቃል ስሕተት እህል እስከ ማጣት ያደርሳል ማለት ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ነገር ከዚህ የከፋ ነው። ይህ ሰው ከወሩ ውስጥ ሃያ ዘጠኙን ቀን ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ያርሳል፥ ይነግዳል፥ ቅዳሴ ያስቀድሳል። በሠላሳኛው ቀን በገበያ መካከል ይወድቃል። ያን ጊዜ አረፋው ይጋባል ብሎ የሚሸሽ አለ፤ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው የሚያቀርብ አለ። በሽታው ግን የአንጎል ደዌ ነው እንጂ በአረፋም በመንካትም አይተላለፍም። በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በየቤቱ እየተጠየቀ የተሠራውና በ1982 ዓ.ም. የታተመው የፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው ጥናት፥ ከሺህ ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በአንድ የቅዳሜ ገበያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ቍጥር የሚያውቅ ሹም ሒሳቡን ለራሱ ያስላው። በሰሜን አገር ደግሞ አደጋው ሁለት ዕጥፍ ነው፤ እረኛው የሚውለው በገደል አፋፍ ላይ ነው፥ እናትም የምትቀመጠው በምድጃ አጠገብ ነው። ስለዚህ ከገደሉ አርቃችሁ በሜዳው ላይ አሰማሩኝ ብሎ የሚለምን ልጅ ነፍሱን ለማዳን እንደ ለመነ ይታወቅለት።

ለዚህ በሽታ ፌኖባርቢታል የሚባል ዋጋው ያልከበደ መድኃኒት አለ፤ ዕለት ዕለት የተወሰደ እንደ ሆነ ብዙዎችን ከመውደቅ ይጠብቃል። በድንገት የተቋረጠ እንደ ሆነ ግን ከቀድሞው የባሰና የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል፥ እስከ ሞትም ያደርሳል። የካህናት ምክር እጅግ የሚያስፈልገው በዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው ወደ ጸበል ሲሄድ ክኒኑን እንደ እምነት ጕድለት ቈጥሮ በቤቱ ጥሎት የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ጣል ብሎ የሚመክረውም አይጠፋም። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ዘመነ ፕትርክና በእንጦጦ ማርያም ይጠመቁ ለነበሩት የኤች አይ ቪ ሕሙማን የተሰጠው አባታዊ ምክር መድኃኒቱንና ጸበሉን አንድ ላይ እንዲወስዱ ነበር። ያ ምክር ለልብ፥ ለአንጎልና ለስኳር ሕመምተኛም የማይሆንበት ምክንያት አይገኝም።

ሕዝቡ እንዲሳሳት ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ቃሉ ነው። ዛሬ በሕግና በጽሕፈት ቤት የሚሠራበት ስም «አካል ጉዳተኛ» የሚል ነው። ይህን ስም የሰማ ጆሮ ወዲያው አካልን ይፈልጋል፤ ዓይንም የተሰበረ ወይም የጐደለ ብልት ይፈልጋል፤ ያላገኘ እንደ ሆነም ሰውዬው ዋሽቷል ብሎ ይደመድማል። ሕጉ ግን እንደ ስሙ ጠባብ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳቸው ያዘዘው በአካል ብቻ ሳይሆን በአእምሮም የተጐዱትን ነው። ስለ ሥራ መብታቸው በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የአካል፥ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳትን በአንድነት ይቈጥራል። በ1999 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የተቀበለችው የዓለም ስምምነትም እንዲሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እንኳ ስለ ሕዝብ ሕንፃዎች መግቢያ ሲደነግግ፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትን ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት የማይችሉትን ለይቶ ጠርቷቸዋል። ያን አንቀጽ የጻፈ ሰው ስለ ልብ ሕመምተኛው ሳያስብ አልቀረም። እንግዲህ ጕድለቱ ሕጉን ከሚያነብበውና ከሚፈጽመው ዘንድ ነው እንጂ ከሕጉ ዘንድ አይደለም።

የሕዝብ ቈጠራውም ለዚህ ምስክር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ መካከል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ 1 ብዙም ያላለፈ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በአንድነት ያወጡት መጽሐፍ ግን በዓለም ካለው ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ አንድ ዐይነት ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። ኢትዮጵያ ከዓለም ሁሉ ዐሥራ አምስት ዕጥፍ ጤነኛ ሕዝብ አላት የሚል ሰው አይገኝም። ቈጣሪው የመዘገበው በደጃፍ ቆሞ ያየውንና አባወራው ያልሸሸገውን ነው፤ አባወራም የሴት ልጁን የሚጥል በሽታ ለማያውቀው ሰው አይናገርም፥ ማን ያገባታል ብሎ ይፈራልና። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በየቤቱ እየዞረ የሕዝቡን ልደት፥ ሞትና ጤና ሲመዘግብ ቈይቷል። በቤት ውስጥ የተሸሸገውን ደዌ ለማወቅ የለመደ እጅ በዚያው አገር መኖሩ ለወረዳው ሹማምንት ትልቅ ዕድል ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቅርብ ጊዜው ጦርነት አለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ወረዳዎች በደረሰ ጊዜ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙም ቤተ ሰብ ቀዬውን ለቅቆ ወደ ደባርቅ ተሰዷል። እጁንና እግሩን ያጣውን ሁሉም ያውቀዋል፥ ይገባዋልም። ነገር ግን የመድፍ ድምፅ ጆሮውን የደፈነበት ሰው፥ ጥይቱ በገላው ውስጥ ቀርቶ ልብሱ የሸፈነለት፥ የወንድሙን ሬሳ ካየች ወዲህ እንቅልፍ ያጣች ሴት፥ እነዚህ በእርዳታ እህል ሰልፍ ላይ ከጤነኛው ጋር እኵል ቆመው ይውላሉ። ስሙ ተጠርቶ ያልሰማው ደንቆሮ ተራው ያልፈዋል፤ ተመልሶ ሲጠይቅም የት ነበርህ ተብሎ ይገሠጻል። በሰልፉ መካከል ድንገት ጮኻ የሮጠችው ሴት እብድ ትባላለች። ከነዚህ መካከል አቤቱታ የሚያቀርብ ጥቂት ነው፤ የሚያሳየው ቍስል የለውምና።

ለካህናትና ለሊቃውንት ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። መጻጕዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ተኝቶ ሳለ በመጠመቂያው አጠገብ ላለው ሁሉ ይታይ ነበር፤ ተራውን ግን ሌላ ይቀድመው ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ግን በሕዝብ መካከል ስትጋፋ ሕመምተኛ መሆኗን ማንም አላወቀም። በዐቢይ ጾም የመጻጕዕ ዕለት የሚሰብክ መምህር ሁለቱን አንድ ላይ ቢያነሣቸው ለምእመናኑ ታላቅ ጥቅም ይሆናል። በዚያው በሰሜን አገር ተሰወረ የሚባለው የቅዱስ ያሬድ ታሪክም አለ፤ ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው ሳለ ጦራቸው የቅዱሱን እግር ወጋ፥ ደሙም ፈሰሰ፥ ከሁለቱ ግን አንዱም አላወቀም። በደም የታየው ቍስል እንዲህ ሳይታወቅ ከቈየ፥ የማይደማውን ለማወቅ ምን ያህል ማስተዋል እንዲያስፈልግ ይታሰብ።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ውስጥም ለሹማምንት ጭምር ምሳሌ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው መቋሚያ ነው። ሌሊቱን በማኅሌት ለሚቆም ካህን ሁሉ መቋሚያ ይሰጠዋል፤ ስለምን ትደገፋለህ፥ ጕልበትህን አሳየን የሚለው የለም። ሁለተኛው የጾም ሥርዐት ነው። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛውን ከጾም ግዴታ ያቀልለታል፤ ሕመሙን የሚሰማውም የንስሐ አባቱ ነው። አባትየው ሕመሙን ያውቃል፥ ይመዝናል፥ ይፈቅዳል፤ በዐውደ ምሕረት ቆሞ የእገሌ ደዌ ይህ ነው ብሎ አይናገርም። የፈቃድ ወረቀት የሚሉት ነገር በዓለማዊው አስተዳደር ከዚህ የተለየ አይደለም። ደዌውን ማወቅ የአንድ ሐኪም ሥራ ነው፤ ፈቃዱን ማክበር የበረኛው፥ የጸሐፊው፥ የሹፌሩና የሕዝቡ ሥራ ነው። አሁን የሚታየው ችግር በረኛው ሐኪም ልሁን ማለቱ ነው። በሰልፍ ፊት ምንህን ያምሃል ብሎ መጠየቅ ሰውዬውን ወይ ያዋርደዋል ወይ ያዋሸዋል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሹማምንት የሚያቀርቡት መቃወሚያ አለ። የማይታይ ደዌ ሁሉ ይታመን ከተባለ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ሰነፉም ሁሉ ልቤን ያመኛል ይላል ይላሉ። መቃወሚያው ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ ጥቂት እህል ለብዙ ሰው የሚያከፋፍል ሹም መጠንቀቅ ግዴታው ነው። ነገር ግን የሚታየውም ምልክት አይዋሽም የሚል ማነው? ጤነኛ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚለምን ሰው በየከተማው ይታወቃል። በእንግሊዝ አገር የማቆሚያው ፈቃድ ከአግባብ ውጪ ሲሠራበት ተይዘው ከሚከሰሱት ብዙዎቹ የታመመ ዘመዳቸውን ወረቀት ይዘው የሚነዱ ጤነኞች ናቸው። እንግዲህ ጥንቃቄው መሆን ያለበት ወረቀቱ ሲሰጥና ያዢው ሲታወቅ ነው እንጂ የያዡን አረማመድ በመመልከት አይደለም። ደግሞም የሚዋሸው ሰው አንድ ጊዜ ሰልፍ ይቀድማል፤ ያልታመነው የልብ ሕመምተኛ ግን በሰልፉ ላይ ይወድቃል። የሁለቱ ጕዳት በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ስለ ሆነች፥ ሐኪም ቤትም መናኸሪያም በዚያው ስላሉ፥ ሥራው ከዚያ ቢጀመር የሚያስቸግር አይሆንም። ሐኪም ቤቱ የረጅም ጊዜ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች መርምሮ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይስጣቸው። በወረቀቷ ላይ የያዡ ስምና ፎቶግራፍ፥ ማኅተም፥ ወረቀቷ የምታበቃበት ቀን፥ ለያዡም ቅድሚያና መቀመጫ ይሰጠው የሚል ቃል ይኑር፤ የደዌው ስም ግን አይጻፍ። ወረዳውም ይህችን ወረቀት ለጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች፥ ለእህል አከፋፋዮች፥ በመናኸሪያ ተራ ለሚያስጠብቁና ለሹፌሮች አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ያዩትም እንደ ሆነ ምክንያቷን ከመጠየቅ እንዲከለከሉ በጽሑፍ ይዘዝ። የጆሮ ደዌ ላለበት ሰው ስም መጥራት ስለማይበቃ ጸሐፊው በእጁ ይጥቀስ ወይም ቍጥር ይስጠው። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ደግሞ ነገሩን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፥ በመስጊድም ከጸሎት በኋላ ቢያስረዱት የወረዳው ማስታወቂያ ከሚደርስበት ይልቅ ሩቅ ይደርሳል፤ ከአምባራስ ማዶ ላሉት ቀበሌዎች በተለይ። ለሐኪም ቤት ምርመራ ደባርቅ ድረስ መውረድ የማይችለውን ሕመምተኛ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤቱ አይታ ስሙን ታስተላልፍለት፤ ያ ሰው ፈቃዱን ለመቀበል ሲል በጭነት ላይ ተቀምጦ እንዲመጣ አይገደድ።